መኪናው ከሄደ በኋላ ምን ቀረ?

ባለፈው እትም በዚሁ ዓምድ ጥግ ላይ አንድ መስመር ጽፌ ነበር፦ «በጣና ዙሪያ የነበሩት ፕሮጀክቶች መኪናቸው ሄደ፤ ምን ቀረ?» ቀልድ ቢጤ ነበር። እናንተ ግን ቁም ነገር አደረጋችሁት። ስለ እርዳታ፣ ስለ ብድር፣ ስለ ሱዳን ንግድ፣ ስለ እምቦጭ አረም ደብዳቤው ጎረፈ። ስድስቱን መርጫለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፣ ስድቡንም አውጥቻለሁ። (ስድቡ ለእኔ ነበር፤ ግድ የለም።)

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ገንዘብ በሚሠራ የግብርና ፕሮጀክት ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በ2017 ዓ.ም. በአንዲት ኢሜይል ተሰናበትን። ሰው ሁሉ «ይመለሳል፣ ታገሺ» ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «ድሮም የራሳቸውን ስንዴ ለማራገፍ ነው እንጂ ለአንቺ ብለው መሰለሽ?» ትለኛለች። ማንን ልመን?
— ግራ የገባት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ «ታገሺ» የሚሉሽን አትስሚ። ትራምፕ ሥልጣን የያዙት ጥር 12 ቀን 2017 ነው፤ እኛ ቃና ዘገሊላን እያከበርን ማለት ነው። በዚያው ዕለት የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን ይቁም የሚል ትእዛዝ ፈረሙ። ዘጠና ቀኑ እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ ከእርዳታ ድርጅታቸው ከዩኤስኤድ ፕሮግራሞች 83 በመቶው ተሰረዘ አሉ። ሰኔ 24 ቀን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የነበረው ዩኤስኤድ ራሱ በሩን ዘጋና የተረፈው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ተዛወረ። ወደፊት አንዳንድ ነገር በሌላ ስም ሊመጣ ይችላል። ያቺ ወንበርሽ ግን ተመልሳ አትመጣም። ስድስት ዓመት ከገበሬ ጋር የሠራ ሰው ለኅብረት ሥራ ዩኒየንም፣ ለዘር ነጋዴም፣ ለብድር ተቋምም ያስፈልጋል። ደመወዙ ያንሳል፣ እውነት ነው። ግን በአንድ ኢሜይል አይዘጋም።

ጎረቤትሽ ደግሞ ግማሹን ታውቃለች። የስንዴው እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1954 ከወጣው ሕጋቸው ጀምሮ ለራሳቸው ገበሬ ትርፍ ምርት ገበያ መፈለጊያም ነበር፤ ከጭነቱም ቢያንስ ግማሹ በራሳቸው መርከብ እንዲሄድ ሕግ ያስገድዳል። ይሄ የተደበቀ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ስንዴው የተራበ ሰው አብልቷል። የሁለት እጅ መጨባበጥ ምልክት ያለበት የዘይት ቆርቆሮ ስንት ቤት ውሃ ቀድቷል፣ ተዘርግቶም በር ሆኗል!

ደግሞ እርዳታ በንጹሕ ልብ ብቻ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ባሕር ዳርም ይህችው ባሕር ዳር ባልሆነች። ጨርቃ ጨርቁ ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው የተሠራው። ፖሊ ቴክኒኩን እ.ኤ.አ. በ1963 ያቆመችው ሶቭየት ኅብረት ናት፤ ያኔ ደግሞ ወዳጅ ለማፍራት ከአሜሪካ ጋር ስትሽቀዳደም ነበር። አንዱ ካሣ፣ አንዱ ፖለቲካ። ሁለቱም ግን ስንቱን ሰው ባለሙያ አድርገው እንጀራ አበሉት። ስለዚህ እኔ «ለምን ሰጡ?» በሚለው ብዙ አልደክምም። ሲሄዱ እጃችን ላይ ምን ቀረ? እሱን ነው የምጠይቀው።

ጥያቄ፦ እኛ ፎገራ ላይ ሩዝ እናመርታለን። ሱቅ ስገባ የማየው ግን ከውጭ የመጣ ሩዝ ነው። መጀመሪያ ኮርያዎች አመጡት ይባላል፣ ከዚያ ጃፓኖች መጡ፣ ባንኩም መጣ። ይሄ ሁሉ ሰው መጥቶ የእኛ ሩዝ ለምን ሱቅ አይገባም?
— የገበሬ ልጅ፣ ከወረታ

መልስ፦ የኮርያው ነገር እውነት ነው፤ የሰሜኖቹ ናቸው። በደርግ ጊዜ ባለሙያዎቻቸው መጥተው ደራ ጅግና ላይና ፎገራ ሻጋ ላይ በነበሩት የአምራቾች ማኅበራት ሩዝ አስሞከሩ። አባትህ የሚዘራው ዝርያ «ኤክስ ጅግና» ከሆነ፣ ስሙ ራሱ ታሪኩን ይነግርሃል።

እስቲ የሆነውን አስበው። ርብና ጉማራ በክረምት ከአፋቸው ወጥተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ሌላው እህል ይበሰብስ ነበር። ሩዝ ግን ውሃ ውስጥ ቆሞ ይስቃል። ኮርያዎቹ ሄዱ። ማኅበራቱ ፈረሱ። ደርግም ወደቀ። ዘሩ ግን ከጎረቤት ጎረቤት፣ ከአማች አማች፣ በቁና እየተሰፈረ ሜዳውን አዳረሰ። ለዚህ ማንም አበል አልከፈለም፤ ማንም ስልጠና ብሎ አዳራሽ አልሰበሰበም። ጤፍ ሲወደድ ሩዙ ሊጡ ውስጥ ገባ፣ ጭዱ ለከብቱ ሆነ፣ ሩዙ ሲነሳ በተረፈው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ሰጪው ከሄደ ከአርባ ዓመት በኋላ ዛሬም የሚያበላ እርዳታ ካየሁ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሱቁ። ችግሩ ያለው ማሳህ ላይ አይደለም፤ መፈልፈያው ላይ ነው። ከወረታ መፈልፈያ የወጣውን ሩዝ መዳፍህ ላይ አፍስስና እየው። ሙሉው ከስብርባሪው ተደባልቋል፣ ቀይ ፍሬ ጣል ጣል ብሎበታል፣ ጠጠርም አይጠፋውም። ከውጭ የመጣውን አጠገቡ አፍስስ፤ አንድ ልክ፣ አንድ መልክ። የሆቴል ምግብ አብሳይ የትኛውን ይገዛል? ለዚህ ነው የእኛው ወደ እንጀራ ሊጥ የሚሄደው፣ የውጭው ወደ ሳህን።

የሚሰበረው ደግሞ ትንንሾቹ መፈልፈያዎች ገለባውንም ከሥሩ ያለውን ስስ ልባስ፣ ብራኑንም፣ በአንድ ምት ለመግፈፍ ስለሚታገሉ ነው። ግን ጥፋቱ ሁሉ የወፍጮ ቤቱ አይደለም። ሩዙ ማሳ ላይ ከልኩ በላይ ቆይቶ ሲታጨድ፣ ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ላይ ተበትኖ ባንዴ ሲደርቅ ፍሬው ከውስጥ ይሰነጠቃል። ዓይን አያየውም። መፈልፈያው ውስጥ ሲገባ ነው ጉዱ የሚወጣው። እና ለአባትህ ይህን ንገራቸው፦ ሳይዘገይ ይታጨድ፤ መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ ይሰጣ፤ እየተገላበጠ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ የተለያየ ዝርያ አንድ ጆንያ ውስጥ አይግባ። ይሄን ለማድረግ ፕሮጀክት አያስፈልግም። ሸራ ያስፈልጋል።

ጃፓኖቹ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ወረታ ያለውን ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ስልጠና ማዕከል በማጠናከር ሠርተዋል። «ባንኩ» ያልከው የዓለም ባንክን ከሆነ፣ ከዚያ በፊት ለምሥራቅ አፍሪካ አንድ የጋራ ፕሮጀክት ነበረው፦ ኢትዮጵያ ስንዴን፣ ኬንያ ወተትን፣ ኡጋንዳ ካሳቫን፣ ታንዛኒያ ሩዝን እየመሩ ዘሩንም እውቀቱንም ለጎረቤት እንዲያካፍሉ ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ለአንድ ሩዝ አራት አገር አራት ላቦራቶሪ ከሚገነባ አንዱ ይሥራና ሌላው ይውሰድ። የማይገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ሁሉ ዕውቀት ዘር ላይ ሲያተኩር መፈልፈያ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ለምን እንደሚደክመው።

ጥያቄ፦ ከጣና የወጣ ዓሣ አድርቄ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን እልክ ነበር። አሁን ቆመ። በሬዲዮ የአፍሪካ ነፃ ንግድ ተጀመረ ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ ቢጤ ይጠቅማል?
— የድሮ ነጋዴ፣ ከጣና ዳር

መልስ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ለጊዜው አይጠቅምዎትም። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ኪጋሊ ላይ ተፈረመ፣ አገራችንም በ2019 አጸደቀችው፣ ንግዱ በ2021 ተጀመረ ተባለ። ሥራው ቀረጥ መቀነስ ነው። የእርስዎን ዓሣ ያቆመው ግን ቀረጥ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ እኛ ዶሮ ስንገነጥል ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ። ገዢዎ ተሰደደ። በእኛ በኩል ያለው መንገድም እንዴት እንደከረመ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ወረቀት ተኩስ መሐል አያልፍም።

የእርስዎ ንግድ የሚገርመኝ ለሌላ ነው። ስለ ቀጠናዊ ንግድ ስንትና ስንት ስብሰባ ባሕር ዳር ሆቴሎች ውስጥ ተደርጓል፤ ውሃው በፕላስቲክ፣ ቡናው በሰዓቱ። የደረቀ ዓሣና የመራዊ አካባቢ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ግን ያለ አንድ ስብሰባ፣ ያለ አንድ ባነር ሱዳን ይገቡ ነበር። ገዢና ሻጭ ተዋወቁ፣ ሹፌር ተገኘ፣ አለቀ።

የውጭ ገንዘብ ሱዳንን ከእኛ ጋር ያገናኘበት ነገር ከተባለ ሽቦው ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2007 ባበደረው ገንዘብ ከባሕር ዳር በጎንደር፣ በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ የደረሰው የኤሌክትሪክ መስመር። እስከ 100 ሜጋ ዋት ለመሸጥ ታስቦ ተዘረጋ፤ መብራትም ተሸጠበት። ሞያሌ ላይ ደግሞ ከኬንያ ጋር የጋራ ኬላ ተሠርቷል፤ በእኛ በኩል ያለው መንገድ የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ አለበት፣ ኬላውም እ.ኤ.አ. በ2020 ተመርቋል። ነጋዴው የሁለቱንም አገር ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ያገኛል፤ ወረቀቱን አንዴ ያሳያል። መተማ ሰላም ሲሆን መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው። እዚያው ዓሣውን የሚመረምርና ሰርተፍኬት የሚሰጥ ሰው ቢኖር ደግሞ የበለጠ።

ሳይቆጡኝ አንድ ነገር ልጨምር? ያ ገበያ ሲደራ ነጭ ዓሣዋን ጎድተናታል። በክረምት እንቁላሏን ልትጥል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ስትወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተን ነው የምንጠብቃት። ቆሮሶና አምባዛው እንኳ ይችላሉ። እሷ ግን አትችልም፤ ከእነዚህ ነጭ ዓሣዎች ብዙዎቹ ከጣና ሌላ ዓለም ላይ የትም የሉም። ሱዳን ሲከፈት በዚያው መንገድ አንመለስ።

ጥያቄ፦ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እምቦጭን በጢንዚዛ አጠፉት ይባላል። እኛ ለምን በእጃችን እንነቅላለን? ገንዘብ የሚሰጠን አጥተን ነው?
— ተማሪ፣ ፔዳ ግቢ

መልስ፦ «አጠፉት» አትበል፤ «ቀነሱት» በል። የሆነው እንዲህ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እምቦጭ ቪክቶሪያን ወርሮ ነበር፤ ጀልባ መውጫ አጣ። ኡጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ በዓለም ባንክና በዓለም አቀፉ የአካባቢ ፈንድ ገንዘብ አንድ የጋራ ፕሮጀክት አቋቋሙ። ምስር የምታክል፣ ነቀዝ ቢጤ ጢንዚዛ ከነዘመዷ አመጡ። የሐይቁ ዳር ሰዎች በገንዳ እያረቡ ለቀቋት። ቅጠሉን ትበላለች፣ እጯ ግንዱን ይሰረስራል፣ ግንዱ ውሃ ይገባውና ተክሉ ይሰጥማል። በዚያው ሰሞን ከባድ የኤልኒኞ ዝናብና ማዕበልም ነበር፤ ጢንዚዛዋ ናት ወይስ ማዕበሉ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቆይቶ እምቦጩ ተመልሶ መጥቷል። ግን ያን ያህል አልሆነም።

ጣና ላይ እምቦጭ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ገንዘብ ጨርሶ አልመጣም ማለት አይቻልም። ማሽን መጥቷል፣ ቲሸርትም መጥቷል። ማሽኑ ዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው አይደርስም፤ መለዋወጫ ሲጠፋ ደግሞ ቆሞ ይዝጋል። ስለ ቲሸርቱ የራሴን ላጫውትህ።

አንድ ጥቅምት ወደ ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በዘመቻ ሄድን። አዘጋጁ ማን እንደሆነ ይቅር። ኮፍያና ቲሸርት ታደለን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ገባን። ውሃው እስከ ጭን ይደርሳል፣ ከሥር ጭቃው ይስባል። ከጎኔ የነበሩ ገበሬ ቁምጣቸውን ሰብስበው ያለ ጓንት ሥሩን በሁለት እጃቸው እየጨበጡ ይመዙታል፤ አልቅቱን ከእግራቸው ላይ እንደ ቀልድ ይነቅሉታል። እኔ አንድ ስነቅል እሳቸው አሥር። ማታ ላይ ክምሩ ከእኔ ቁመት በለጠ። ጭብጨባ ሆነ፣ ተመለስን። ክምሩን ማን ያንሳው? ማንም አላሰበበትም። እዚያው ውሃው ጠርዝ ላይ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ሥራ በዚያ ሳልፍ ክረምቱ ግማሹን መልሶ ሐይቁ ውስጥ አግብቶታል፤ ቦታው አረንጓዴ ነው፣ ሐምራዊ አበባውም ያምራል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ የእኛ ቲሸርት ግን ሁለት እጥበትም አልቻለም።

ጢንዚዛዋስ? አገራችን ውስጥ የሚያጠኗት ተመራማሪዎች አሉ። ግን ሁለት እንቅፋት አለ። አንደኛ፣ ቪክቶሪያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,130 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጣና 1,800 አካባቢ። ጣና ቀዝቀዝ ይላል፤ እሷ ደግሞ ሙቀት ትወዳለች፣ እዚህ ቀስ ብላ ነው የምትራባው። ሁለተኛው የሰው ነገር ነው። ጢንዚዛ ሥራዋ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ለበጀት ዓመቱ ሪፖርት አትደርስም። ዛሬ ለቀሃት ነገ በዘመቻ እምቦጩን ከነቀልክ ደግሞ ቤቷን አፈረስክባት። አንዱን ሥፍራ ለእሷ ትተህ ሌላውን መንቀል ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ ግን እምቦጩ የሚበላው ከላይ የሚመጣውን ነው። በመገጭ፣ በርብ፣ በጉማራ የታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ የከተሞቻችንም ፍሳሽ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደስ ይላል። ያቺ የምስክር ወረቀት ግን ፍሳሽ አታቆምም። እኔ ብሆን የሚመጣውን የእርዳታ ብር ከማሽኑ ይልቅ ተራራው ላይ እርከን የሚሠራበትና ሽንት ቤታችን የሚስተካከልበት ላይ አውለው ነበር። ለፎቶ ግን አይመችም።

ጥያቄ፦ ቆጋ ግድብ እርዳታ ነው ብድር?
— ከመራዊ

መልስ፦ በዋናነት ብድር ነው። አበዳሪው የአፍሪካ ልማት ባንክ። 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ወለዱ ቢያንስም ብድር ብድር ነው፤ እኔም አንተም በግብራችን እንከፍለዋለን። ስለዚህ ቦዩ በደለል ሲሞላ «ፕሮጀክቱ ይመጣል» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ፕሮጀክቱ እናንተ ናችሁ። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራችሁ በዓመት የሚሰበስበው መዋጮ የት እንደሚውል በስብሰባ መሐል ጮክ ብለህ ጠይቅ። በዚያውም አቮካዶው አውሮፓ መሄድ ከጀመረ ወዲህ ውሃው ለማን ቀድሞ እንደሚለቀቅ ጠይቅ፤ ከባሕር ዛፉ ይቅደም ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ አሥራ ሁለት ሆነን ማኅበር መሥርተን አሮጌ የሞተር ጀልባ ገዝተናል፤ ከቆመች ግን ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ከውጭ ድርጅት ድጋፍ አስጨርሳለሁ የሚል ሰው ለመመዝገቢያ 5,000 ብር በስልክ እንድንልክ ጠየቀን። እንላክ?
— ወጣቶች፣ ከዘጌ

መልስ፦ እንዳትልኩ! ድጋፍ ሊሰጥ የመጣ ድርጅት በግለሰብ ስልክ መመዝገቢያ አይቀበልም። ጽሕፈት ቤቱ የት ነው? ደብዳቤው የታል? ወረዳው ያውቀዋል? «ቸኩሉ፣ ቦታው ያልቃል» ካላችሁ ደግሞ ያለ ጥርጥር ሌባ ነው።

ሁነኛ ድጋፍ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ፊንላንዶች በክልላችን ገጠር የውሃ ሥራ ሲደግፉ ገንዘቡን በአብቁተ፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ በኩል ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ነበር የሚያስተላልፉት። ኮሚቴው ራሱ ግንበኛ ይቀጥራል፣ ሲሚንቶ ይገዛል፣ ሒሳብ ያወራርዳል። ስለዚህ እናንተም መጀመሪያ ደንባችሁን፣ ቃለ ጉባኤያችሁን፣ የባንክ ደብተራችሁን አስተካክሉ፤ በማኅበሩ ስም፣ በሦስት ሰው ፊርማ የሚወጣ ይሁን። ከዚያ ወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ እዚያ የሚታወቅ ድርጅት ካለ በእነሱ በኩል ይመጣል።

አምስት ሺውን ደግሞ ቤንዚን ግዙበት፤ ጀልባዋ ከቆመች ሁለት ሳምንት ሆኗታል ብላችሁ የለ።